ወበቅ ከሐሩር ለምን ይከፋል? ሙቀት የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ

የሙቀት ማዕበል በአንድ አካባቢ በተነሣ ቁጥር ዜናው የሚጀምረው በአንድ አኀዝ ነው። 40 ዲግሪ፣ 45 ዲግሪ፣ 48 ዲግሪ። አኀዙ ሲያሻቅብ ዜናው ፊት ገጽ ላይ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል ወደ ውስጥ ገጽ ይሸሻል። ይሁን እንጂ በ45 ዲግሪ ደረቅ አየር ውስጥ ጥላ ይዞ ውሃ እየጠጣ የዋለ ሰው በሰላም ያመሻል፤ በ36 ዲግሪ ግን እርጥበት በጠገበ አየር ውስጥ ሰዓታትን ያሳለፈ ጤነኛ ሰው ሊሞት ይችላል። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም። ችግሩ እኛ ከአንድ አኀዝ የማይገኝ መልስ መጠበቃችን ነው።

ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ይመስለኛል። ለዚያ አኀዝ በአማርኛ የለመድነው ስም «የሙቀት መጠን» የሚል ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው፣ አንድ ነገር ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ የሚለካ ይመስላል፤ እሱን ግን አይለካም። የትምህርት መጻሕፍት ቃላቱን ገልብጠው «መጠነ ሙቀት» ቢሉትም ስሕተቱ አብሮ ተገለበጠ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቴርሞሜትር የሚያሳየውን አኀዝ «የሙቀት ደረጃ» እለዋለሁ። «ሙቀት» ስል ደግሞ ራሱን ጉልበቱን፣ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው የሚሻገረውን ማለቴ ነው። ልዩነቱ በበርሜል ውስጥ ባለ የውሃ ከፍታና በውሃው ብዛት መካከል እንዳለው ያለ ነው። ከፍታው ውሃው ወደየት እንደሚፈስ ይነግረናል፤ ስንት ሊትር እንዳለ ግን የበርሜሉን ስፋት ሳያዩ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ስሌት ነገሩን ያጠራዋል። ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ውስጥ 95 ዲግሪ የሆነ ውሃ አለ እንበል። በአጠገቡ በሚገኝ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደግሞ 40 ዲግሪ ለብ ያለ 150 ሊትር ውሃ አለ። ሁለቱም 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እስኪቀዘቅዙ ቢተዉ ኩባያው ወደ 78 ኪሎጁል (ኪሎጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ሙቀት ይለቃል፤ ለብ ያለው ገንዳ ግን ከ12,500 ኪሎጁል በላይ። ጣት የሚያቃጥለው ኩባያ ነው፤ ክፍሉን የሚያሞቀው ገንዳው ነው፤ ያውም 160 እጥፍ በልጦ።

ከዚህ የባሰ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ወደ ፀሐይ መሄድ ነው። ናሳ በ2018 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ያመጠቃት ፓርከር የተባለች መንኮራኩር የፀሐይን የውጭ ከባቢ፣ ኮሮናን፣ ሰንጥቃ ታልፋለች። በዚያ ያሉት ቅንጣቶች የሙቀት ደረጃ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። የመንኮራኩሯ ጋሻ የተሠራው ግን 1,400 ዲግሪ ገደማ እንዲቋቋም ብቻ ነው፤ በቂም ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱም ኮሮና እጅግ የሳሳ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት በአስፈሪ ፍጥነት ይበራል፤ ጋሻውን የሚመቱት ቅንጣቶች ግን ጥቂት ናቸው። ጋሻውን የሚያግለው በዋናነት የፀሐይ ብርሃን ነው።

እሳት በሌለበት የፈላ ውሃ

ሙቀት ራሱ ምንድን ነው? በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደ ፈሳሽ ያስቡት ነበር፤ የማይታይ፣ ክብደት የሌለው፣ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚፈስ። ፈረንሳዊው አንቷን ላቮይዚዬ «ካሎሪክ» ብሎ በ1789 ባሳተመው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር አሰለፈው። ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። ዛሬም ሙቀት «ይፈሳል» የምንለው ከዚያ የወረስነው አነጋገር ነው፤ ለብዙ ስሌትም ይበቃል።

ሐሳቡን ያናጋው የመድፍ ፋብሪካ ነው። በአሜሪካ ተወልዶ ባቫሪያን ያገለገለው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ፣ ሙኒክ ውስጥ የመድፍ አፈሙዝ ሲቦረቦር ብረቱ በጣም እንደሚግል አስተዋለ። መቦርቦሪያውን ሆን ብሎ የደነዘ አደረገና ሥራውን ውሃ ውስጥ በፈረሶች ጉልበት አስቀጠለ። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ፈላ። እሳት የለም፣ ከሰል የለም። ፈረሶቹ እስከዞሩ ድረስ ሙቀቱ አላለቀም። በብረቱ ውስጥ የታቆረ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ የሆነ ጊዜ ተንጠፍጥፎ ማለቅ ነበረበት። ራምፎርድ በ1798 ባቀረበው ጽሑፍ ሙቀት እንቅስቃሴ እንጂ ቁስ አይደለም ሲል ደመደመ። (ታሪክ ቀልደኛ ናት፤ ላቮይዚዬ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት አንገቱን ከተቀላ በኋላ መበለቲቱን ያገባት ይኸው የካሎሪክ አፍራሽ ራምፎርድ ነው። ትዳሩ ብዙም አልቆየም።)

ሒሳቡን የዘጋው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ነው። በ1840ዎቹ ወደ ታች በሚወርዱ ክብደቶች የሚሽከረከር መቅዘፊያ ውሃ ውስጥ አኑሮ ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ በትዕግሥት ለካ። የተገኘው ምጣኔ አስገራሚ ነው፤ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ከ427 ሜትር ከፍታ እንዲወድቅ ማድረግና የውድቀቱን ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት መለወጥ ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር ጥቂት የሚመስል ሙቀት ብዙ ሥራ ነው። ውሃ ደግሞ ከምናውቃቸው የተለመዱ ቁሶች ሁሉ ስስታሙ ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4.18 ኪሎጁል ይፈልጋል፣ አንድ ኪሎ ብረት ግን 0.45 ይበቃዋል። ይህን ልዩነት ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ዛሬ የምናውቀው ይህ ነው፤ የማንኛውም ቁስ አቶሞችና ሞለኪውሎች አያርፉም። በጠጣር ውስጥ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ፣ በፈሳሽ ውስጥ እየተጋፉ ይንሸራተታሉ፣ በጋዝ ውስጥ ይበራሉ። የሙቀት ደረጃ የዚህ ሁከት አማካይ ብርታት ነው። ብርቱው ከደካማው ሲጋጭ ደካማው ይበረታል፣ ብርቱው ይዳከማል። ሙቀት ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚሄደው አንድ የሚገፋው ነገር ስላለ ሳይሆን የግጭቶቹ ድምር በዚያ አቅጣጫ ስለሚያዘነብል ነው።

ብርድ አይገባም

«በሩን ዝጋ፣ ብርድ ገባ» እንላለን። «ብርድ መታው» እንላለን። በፊዚክስ ዓይን ብርድ የሚባል የሚገባ ነገር የለም፤ የሚወጣ ሙቀት ብቻ አለ። አነጋገሩን እናርመው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ገላችን ምን እንደሚሰማው ስንመረምር ይህ ልዩነት ብዙ ያስረዳል።

የብረት እግርና የእንጨት መቀመጫ ያለው ወንበር ሌሊቱን ሙሉ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አድሯል። ጠዋት ብረቱን ብትነኩት ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ቴርሞሜትር ብታስጠጉባቸው ሁለቱም 18 ዲግሪ ናቸው። ታዲያ እጃችን ተሳሳተ? አልተሳሳተም፤ የለካው ሌላ ነገር ነው። ቆዳችን የሙቀት ደረጃው ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 18 ዲግሪ የሆነ ነገር ስንነካ ሙቀት ከእጃችን ይወጣል። ብረቱ የተቀበለውን ሙቀት ወዲያውኑ ወደ ውስጥ አሳልፎ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። እንጨቱ ግን በገጹ ላይ ያቆየዋል፤ ገጹ ከእጃችን ጋር ቶሎ ይመሳሰልና ፍሰቱ ይቀንሳል። እጃችን የሚያውቀው ነገሩ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ሳይሆን ሙቀት ከውስጡ በምን ፍጥነት እንደሚነጠቅ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያንኑ ወንበር ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ 55 ዲግሪ እስኪደርስ አቆዩት። አሁን ብረቱ ያቃጥላል፣ እንጨቱ ይነካል። ያው ብረት፣ ያው ፍጥነት፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ነው። በመካከል፣ ሁለቱ 34 ዲግሪ አካባቢ በሚሆኑበት ጊዜ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በሙቀት ብቻ ብረቱን ከእንጨቱ ለመለየት ይቸገራል።

በንክኪ የሚደረገው ይህ መተላለፍ ኮንዳክሽን ይባላል፤ ቁሶችም በዚህ ረገድ እጅግ ይለያያሉ። መዳብ ከእንጨት ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ብረቶች ፈጣን የሆኑት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት ልቅ ኤሌክትሮኖች ሙቀትንም ተሸክመው ስለሚሮጡ ነው። አልማዝ ግን ደንቡን ያፈርሳል፤ ልቅ ኤሌክትሮን ሳይኖረው መዳብን አምስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፣ አቶሞቹ እርስ በርስ በጥብቅ ስለተቆራኙ የአንዱ ንቅናቄ በቅጽበት ለሌላው ይደርሳል። በሌላው ጫፍ አየር አለ። ውሃ ከአየር 23 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል፤ 20 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ ምቾት የሚሰማው ሰው 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ጥርሱ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው።

አየር ይህን ያህል ደካማ አስተላላፊ ከሆነ ለምን ብቻውን አይከላከልልንም? ስለሚንቀሳቀስ ነው። የሞቀ አየር ይቀልና ወደ ላይ ይነሣል፣ ቀዝቃዛው ቦታውን ይይዛል፤ ሙቀቱም ከአየሩ ጋር ይጓዛል። ይህ ኮንቬክሽን ነው፤ ነፋስም ማራገቢያም ያንኑ ያፋጥናሉ። ሱፍ፣ ላባ፣ አረፋ ያለው ፕላስቲክ ሁሉ ሥራቸው አየርን በትንንሽ ጎጆ አስሮ ከመንቀሳቀስ መከልከል ነው። የሱፍ ካፖርት አንድም ሙቀት አያመነጭም። በረዶ ብትጠቀልሉበት በረዶውን ከመቅለጥ ያዘገየዋል።

ሦስተኛው መንገድ ምንም ቁስ አያሻውም። ዊልያም ኸርሸል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም በታትኖ ከቀዩ ቀለም ማዶ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ አኀዙ ከፍ አለ። ያ የማይታይ ጨረር ከማንኛውም አካል ይወጣል፤ ከግድግዳ፣ ከበረዶ፣ ከእኛም ጭምር። ጆሴፍ ስቴፋን በ1879 እንዳሳየው ብርታቱ ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች መቀዝቀዝ ከማይቻልበት ደረጃ) ተነሥቶ በተለካው የሙቀት ደረጃ አራተኛ ርቢ ልክ ያድጋል፤ ደረጃው እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ ይሆናል።

ይህ ሩቅ የሆነ ቀመር አይደለም። የቆዳችን እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 500 ዋት ያህል እየጨረረ ነው። የማንቀዘቅዘው ግድግዳው መልሶ ስለሚጨርርልን ብቻ ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ በካሬ ሜትር 420 ዋት ገደማ ይመልሳል፤ 80 ዋት እንከስራለን። ግድግዳው 40 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 545 ዋት ይልክልናል። አሁን ከሳሪው ግድግዳው፣ ተቀባዩ እኛ ነን። ስለዚህ ነው በአንድ ክፍል ውስጥ የአየሩ አኀዝ መጠነኛ ሆኖ ሳለ ጣሪያው ፀሐይ የጠጣ ከሆነ ከላይ የሚያቃጥለን። ለአየር የተሰቀለ ቴርሞሜትር ይህን አያይም።

ሦስቱንም መንገዶች በአንድ ዕቃ የዘጋው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር ነው። በ1892 ለእጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሾች ማስቀመጫ ሲፈልግ ድርብ ግድግዳ ያለው ብልቃጥ ሠርቶ በመካከሉ ያለውን አየር መጠጠ፤ ንክኪም ዝውውርም ቀረ። ግድግዳውን እንደ መስታወት አብለጨለጨው፤ ጨረሩም ተመለሰ። ዛሬ ፔርሙዝ የምንለው ያ ነው። ዲዋር የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም ነበርና ጀርመኖች በ1904 «ቴርሞስ» ብለው ለገበያ ሲያቀርቡት ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ።

ላብ የሚከፍለው ዕዳ

እስካሁን የተባሉት ሦስቱ መንገዶች አንድ የጋራ ድካም አለባቸው፤ ሙቀትን የሚያወጡልን ዙሪያችን ከእኛ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። አየሩም ግድግዳውም 35 ዲግሪን ሲያልፉ ሦስቱም በሮች ወደ ውስጥ መከፈት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የሚቀረን አራተኛ በር ትነት ነው፤ ጠቅላላው የሙቀት ማዕበል ጉዳይም በዚህ በር ላይ ይንጠለጠላል።

ትነት ለምን ብርቱ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ስኮትላንዷ ከተማ ግላስጎው እንሂድ። በ1760ዎቹ ጆሴፍ ብላክ ሁሉም ሰው ያየውን ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ አነሣ። አየሩ ከዜሮ በላይ ሲሆን የክረምቱ በረዶ ለምን በአንድ ጊዜ አይቀልጥም? ዜሮ ዲግሪ የደረሰ በረዶ ጥቂት ሙቀት ቢጨመርለት ብቻ የሚቀልጥ ቢሆን በረዶ የለበሱ ተራሮች በሰዓታት ውስጥ ጎርፍ ሆነው አገር ባጠፉ ነበር። በረዶው ግን ለሳምንታት እየጠጣ ይቀመጣል፤ ቴርሞሜትሩም ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ብላክ ይህን ቴርሞሜትር የማያየውን ሙቀት «ድብቅ ሙቀት» አለው። አንድ ኪሎ በረዶን ለማቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ይጠይቃል። በዚያው ሙቀት የቀለጠውን ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ማድረስ ይቻላል።

ትነት ደግሞ ከዚህ ሰባት እጥፍ ይከብዳል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። ያረፈ ሰው ገላ 100 ዋት ያህል፣ ማለትም በሰዓት 360 ኪሎጁል ያመነጫል። ይህን ለማስወጣት በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ላብ ይበቃል፤ ከአንድ ኩባያ ያነሰ። ገላችን ከዚህ ብዙ እጥፍ ማላብ ይችላል። በደረቅ ሐሩር 45 ዲግሪ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ።

ልብ በሉ፤ የሚያቀዘቅዘን ላብ ማፍሰሳችን አይደለም፣ የላቡ መትነን ነው። አየሩ ውሃ የጠገበ ከሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ገላችን ውሃውን ይከስራል፣ ሙቀቱ ግን ይቀራል። በዚህ ነጥብ አማርኛ ከቴርሞሜትሩ ይበልጣል። ደረቁን ሐሩር ብለን፣ ያንን የሚያጣብቅና ትንፋሽ የሚያሳጥር እርጥብ ሙቀት ደግሞ ወበቅ ብለን ለይተናል። ሳይንስ ወበቅን ለመለካት የሚጠቀምበት ዘዴ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አየር እንዲነፍስበት ማድረግ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ውሃው እየተነነ አኀዙን በብዙ ዲግሪ ያወርደዋል። አየሩ ከጠገበ አኀዙ አይወርድም። ያ እርጥብ ጨርቅ በላብ የራሰ ቆዳ ምሳሌ ነው።

በ2010 ስቲቨን ሸርዉድ እና ማቲው ሁበር የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህ እርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ 35 ዲግሪ ሲደርስ የሰው ልጅ በቲዎሪ ደረጃ ወሰኑ ላይ እንደሚደርስ አመለከቱ፤ ጥላ ቢኖርም፣ ውሃ ቢጠጣም፣ ራቁቱን ቢቆምም። ስሌቱ ከላይ ከተባለው በቀጥታ ይወጣል። ሁሉም በር ተዘግቶ 360 ኪሎጁል በየሰዓቱ ውስጥ ከቀረ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገላ በሰዓት አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ይግላል። ከ37 ተነሥቶ 41ን ለማለፍ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ቆየት ብሎ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጤነኛ ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ገላ ሙቀቱን መቆጣጠር የሚያቅተው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 31 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አሳየ። ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን ወሰኑ ከዚህም ያነሰ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ማራገቢያስ? ማራገቢያ አየርን አያቀዘቅዝም፤ እንዲያውም ሞተሩ ጥቂት ያሞቀዋል። ጥቅሙ በቆዳችን ዙሪያ የተኛውን እርጥብ አየር ጠርጎ ትነትን ማፋጠኑ ነው። አየሩ ከቆዳችን በላይ ሲግል ግን ያው ንፋስ ሙቀትን ወደ ገላ ያጣድፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ በማራገቢያ እንዳንታመን የሚመክረው ለዚህ ነው። በቺካጎ በሐምሌ 1995 ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ መስኮታቸውን ዘግተው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በ2003 በአውሮፓ የደረሰው በጋ ደግሞ ከ70,000 በላይ ሰዎችን እንደ ገደለ ይገመታል። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ያህል ቢገድል ኖሮ ስሙን ሕፃን ሁሉ ያውቀው ነበር። ሙቀት ግን ቤት አያፈርስም፣ ፎቶግራፍ ላይ አይታይም።

ግድግዳው ሌሊት የሚመልሰው

ከሞቱት ብዙዎች የሞቱት በቀን አይደለም ቢባል ይገርም ይሆናል። ገላ ቀኑን ሙሉ የተሸከመውን የሚያራግፈው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ካልበረደ ዕዳው ለነገ ይተላለፋል። ከተሞች ችግር የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1818 ማሳተም በጀመረው ጥናት ለንደን በተለይ ሌሊት ከዙሪያዋ ገጠር እንደምትሞቅ መዝግቧል፤ አስፋልት በሌለበት፣ መኪና በሌለበት ዘመን።

ኮንክሪትና ጡብ ሙቀትን በመጠነኛ ፍጥነት ያስተላልፋሉ፣ ክብደታቸው ግን ብዙ ነው። ቀን ጠራራ ፀሐይ በካሬ ሜትር እስከ 1,000 ዋት ስታወርድባቸው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጠጡታል። ምሽት ላይ ሰማዩ ሲበርድ ያ የተጠጣው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በጨረር ወደ ተኛው ሰው፣ በዝውውር ወደ ክፍሉ አየር። ቆርቆሮ ተቃራኒው ነው። ስስ ስለሆነ የሚያከማቸው የለም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይግላል፣ ስትጠልቅ ይበርዳል። ወፍራም ግድግዳ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለሚለው ክርክር መልሱ ሌሊቱ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ከበረደና መስኮት ከተከፈተ ግድግዳው ቀኑን የሚያረጋጋ ማከማቻ ይሆናል፤ ሌሊቱም የሚሞቅ ከሆነ ግን የማይጠፋ ምድጃ ነው።

ዛፍ ከጥላው ባሻገር ያላብልናል። በሞቃት ቀን 100 ሊትር ውሃ በቅጠሉ የሚያተን ትልቅ ዛፍ ወደ 67 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ሙቀት ወደ ድብቅነት ይለውጣል። ነጭ ቀለምም ቀላል አይደለም፤ በ2021 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከፀሐይ ብርሃን 98.1 በመቶውን የሚመልስ ቀለም ይፋ አድርገዋል። የተቀባው ገጽ በጨረር የሚያወጣው ከፀሐይ ከሚቀበለው ስለሚበልጥ በቀትርም ከዙሪያው አየር ይበርዳል። ጣሪያን በኖራ መቀባት በመሠረቱ ያው ሐሳብ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ቅዝቃዜ የሚሠራ ማሽን የለም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ የሚጥል እንጂ። ሩዶልፍ ክላውዚየስ በ1850 እንደደነገገው ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ትኩስ አይሄድም፤ ለማስኬድ ሥራ መክፈል የግድ ነው። 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ የሚወስድ መሣሪያ 3 ኪሎዋት ሙቀት ከክፍሉ ቢያወጣ ደጅ ላይ የሚጥለው 4 ኪሎዋት ነው። ወጥ ቤት ለማብረድ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ የሚተው ሰው ወጥ ቤቱን የሚያሞቀው በዚሁ ሒሳብ ነው። መሣሪያው ሕይወት እንደሚያድን አልክድም፤ በወበቅ ጊዜ ከእርጥብ አየር ውሃውን ስለሚጨምቅ ምትክ የለውም። በጎዳናው ላይ የቀረው ግን የጎረቤቱንም ሙቀት ይተነፍሳል።

አንድ በር ብቻ ያላት ፕላኔት

ምድርን ከዚህ ሁሉ የሚለያት የምትነካው ነገር አለመኖሩ ነው። ዙሪያዋ ባዶ ስለሆነ ንክኪም ዝውውርም ትነትም ወደ ውጭ ሙቀት አያወጡላትም። ፔርሙዝ ውስጥ እንዳለች ናት፤ መውጫዋ ጨረር ብቻ ነው። ጆሴፍ ፉርዬ ይህን በ1820ዎቹ አስተውሎ ከባቢ አየር ለዚያ መውጫ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ብልቃጥ ፀሐይ ላይ ከአየሩ ብልቃጥ ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይታየውን ጨረር እንደሚውጡ በመሣሪያ ለካ። ሙቀት አማቂ ጋዞች ባይኖሩ የምድር አማካይ የሙቀት ደረጃ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ነበር፤ ስላሉ ግን 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ማማቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገሩ የተለወጠው ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ420 በላይ ሲሆን ነው።

በዚህ ምክንያት የሚገባው ከሚወጣው በካሬ ሜትር 1 ዋት ያህል ይበልጣል። ለአንድ ካሬ ሜትር ይህ ከትንሽ የእጅ ባትሪ መብራት አይበልጥም፤ በመላው የምድር ገጽ ሲባዛ ግን ማቆሚያ የሌለው ክምችት ነው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት 2024 ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ መሆኑን፣ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረውም በ1.55 ዲግሪ መብለጡን አስታውቋል። እዚህም ላይ አኀዙ የሚነግረን የበርሜሉን ከፍታ ነው። ሙቀቱስ የት ሄደ?

ከ90 በመቶ የሚበልጠው ባሕር ውስጥ ነው። ያ ስስታሙ ውሃ፣ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ ከብረት ዘጠኝ እጥፍ የሚጠይቀው፣ ጠጥቶታል። መላውን ከባቢ አየር በ1 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት የውቅያኖሶችን የላይኛ ጥቂት ሜትሮች ብቻ በ1 ዲግሪ ያሞቃል፤ ውቅያኖስ ደግሞ በአማካይ ከ3,600 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በየዓመቱ በአየር ላይ የምናየው መዋዠቅ፣ አንዱ ዓመት ሞቅ ሌላው ቀዝቀዝ ማለቱ፣ በአብዛኛው ባሕሩ ከላይኛው ገጹ ጥቂት ሲሰጥና ሲነሣ የሚፈጠር ነው። የጥልቁ ውሃ ክምችት ግን እንዲህ አይዋዥቅም፤ ዓመት በዓመት ይጨምራል።

የሞቀ ውሃ ደግሞ ይሰፋል። ለአንድ ኩባያ ይህ በዓይን አይታይም። ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላለው ዓምድ ግን ይታያል፤ ከ1971 እስከ 2018 ባሕር ከፍ ካለበት መጠን ግማሽ ያህሉ የመጣው ከቀለጠ በረዶ ሳይሆን ከዚሁ መስፋት ነው። ሙቀቱ ከገጹ ወደ ጥልቁ የሚወርደው በዝግታ ስለሆነም የላይኛው ውሃ መሞቅ ቢያቆም እንኳ የታችኛው ለብዙ መቶ ዓመታት መስፋቱን ይቀጥላል።